ሰው ሳይሞት የተተከለ ድንኳን

አዲስ አበባ ውስጥ ድንኳን ያለ ምክንያት አይተከልም። ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ልጅ ተድራለች፣ ወይ ታቦት ወጥቷል። ስለዚህ አየር ጤና አካባቢ የሚኖር አንድ አባወራ አዲስ የገዛትን ብርቱካንማ ድንኳን ለሙከራ ብሎ ግቢው ውስጥ በዘረጋ ዕለት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆሙ። ከሁሉም ቀድመው የደረሱት የእድሩ ጸሐፊ ነበሩ። ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቁም። ድንኳኗን ዞር ዞር ብለው አዩና ቅር ባለው ድምፅ፣ «ምነው ልጄ፣ እድሩ እኮ መቶ ሰው የሚይዝ ድንኳን አለው» አሉ።

«ኧረ የሞተ ሰው የለም። ጫካ ሄደን ልናድርባት ነው።»

ይህ መልስ ነገሩን አባሰው። በዚህ አገር ጫካ የሚያድር ሰው ወይ ሸፍቷል፣ ወይ መንኗል፣ ወይ በሬው ጠፍቶበታል። ሚስቱንና ልጆቹን፣ እናቱንና የሚስቱን አጎት ጭኖ፣ ደህና አልጋውን ትቶ መሬት ላይ ሊተኛ የሚሄድ ሰው ከሦስቱም አይመደብም። ጸሐፊው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ማምሻውን ሚስትየውን ሱቅ በር ላይ አገኟትና፣ ባለቤቷ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ሰላም መሆኑን ጠየቋት።

ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ግን የጎረቤቶቹ ግርምት ራሱ ያስገርማል። ድንኳን ውስጥ ማደርን ይህ ሕዝብ ከማንም አልተማረም። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 እ.ኤ.አ. መጥተው ስድስት ዓመት ሲቆዩ ያዩት የአፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ግንብ አልነበረም፤ ከሜዳ ሜዳ የሚዛወር በሺህ የሚቆጠር ድንኳን ነበር። የንጉሡ ማደሪያ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወጥ ቤቱ፣ ዳኛው፣ ገበያው ሁሉ ቦታው የታወቀ ስለሆነ ሰፈሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሲተከል ቀኝና ግራውን የሚጠይቅ አልነበረም። አዲስ አበባም ብትሆን የተወለደችው ድንኳን ውስጥ ነው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ሰፈሩ፤ ጣይቱ ሜዳውን ወደዱትና ቤት ይሠራልኝ አሉ። ለመታጠብ የወረደው ሰው ሁሉ እዚያው ቀረ። ዛሬም ቢሆን ጥር 10 ለከተራ ጃንሜዳ ታቦቱን አጅቦ የሚያድረው ሕዝብ ብርዱን የሚችለው በነጠላና በመዝሙር ነው። የእድሮች ዕቃ ቤት ደግሞ ቢቆጠር፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ጆጉ፣ ለአንድ ክፍለ ጦር ሽርሽር ይበቃል።

ብቻ ይህ ሁሉ ድንኳን ምክንያት አለው። ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለታቦት፣ ለዘመቻ ነው። ለምንም ነገር ያልሆነ ድንኳን ውስጥ የሚያድረው ፈረንጅ ነው ተብሎ ተወስኗል። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ሳንቃበርና ጨነቅ ላይ ለስንት ዓመት ድንኳን ሲተከል ኖሯል፤ አበሻው ግን እዚያ የሚገኘው በቅሎ ነጂ፣ ወጥ ሠሪ ወይም ጠመንጃ ያዥ ሆኖ ነው። ብርዱን በደመወዝ ነበር የሚካፈለው። ከኪሱ ከፍሎ መበረድ አዲስ ነገር ነው።

የተመረጠው ጫካ መናገሻ ሱባ ነበር። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ የወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ያለ ጥንታዊ ደን። ሲነገር እንደኖረው፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው መራቆቱን አይተው፣ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተክለውታል። ችግኝ ይዞ ፎቶ የተነሣ ባለሥልጣን በዚያ ዘመን አልነበረም፤ ችግኙ ግን ጸድቋል። ዛሬ ከ400 ዓመት በላይ እንደሆናቸው የሚነገርላቸው ጽዶች ቆመው ይታያሉ።

ወፍ ዋሻ ደግሞ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና አካባቢ ነው፤ የአባትየው እናት ያደጉበት አገር። ልጃቸው ይህን ታሪክ ሲያወራላቸው ይማረካሉ ብሎ ነበር። እማማ አዳምጠው ሲያበቁ፣ «እንግዲያው ዛፎቹ ዘመዶቼ ናቸው» አሉ። «ዘመድ ጥየቃ ከሆነ ጠዋት ሄደን ማታ እንመለስ።»

አልተመለሱም። ግን ከዚያ በፊት ጭነቱ አለ።

አባትየው ያሰበው ድንኳን፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃና ዳቦ ነበር። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ሒሳብ ሲሠራ የሚውል ሰው ስለሆነ፣ ማታ ማታ በስልኩ የሚያያቸው የበረሃ ቪዲዮዎች ሁሉ አንድ ቢላዋና አንድ ገመድ ይዞ የሚኖር ጢማም ሰው ነው የሚያሳዩት። ሚስቱ ግን በየትም ቦታ እንግዳ ሊመጣባት ይችላል ብላ የምታምን ሴት ናት፤ ጫካ ውስጥም ቢሆን። ስለዚህ ሁለት ፍራሽ፣ የቤተሰቡ ጋቢ በሙሉ፣ እንጀራ፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ አንድ ድስት ዶሮ ወጥ፣ የከሰል ምድጃ፣ ጀበና፣ ረከቦት፣ እጣን ከነማጨሻው ወጣ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላልና የበግ ጎድን ተጨመረ። መጨረሻ ላይ፣ ሚኒባሱ ሞተር አስነሥቶ ሳለ፣ እናትየው «ቆይ!» ብላ ሮጣ ሄዳ አንድ እቅፍ ቄጠማ ገዝታ መጣች። ለቡናው ነው። ከአዲስ አበባ ገበያ ወደ መናገሻ ጫካ ሣር ተጭኖ ሄደ።

የሚገርመው ደግሞ የረሱት ነገር ነው። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ኳንታ የሚባል፣ ዘማችና ነጋዴ ለዘመናት የተጓዘበት፣ እሳትም ማቀዝቀዣም የማይፈልግ ስንቅ ያለው ሕዝብ፣ ጫካ ልሂድ ሲል የሚይዘው ኢንዶሚ ነው። ይህን ያስታወሱት ጋሼ ብቻ ነበሩ። ጋሼ የእናትየው አጎት ናቸው፤ በ1967 ዓ.ም. ወጣት ተማሪ ሳሉ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርደዋል። ወደ 60,000 ተማሪና አስተማሪ ፊደል ሊያስቆጥርና ጉድጓድ ሊቆፍር የወጣበት ዘመቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ማንኛውንም ጉዞ በዘመቻ ይለኩታል፤ ለሽርሽሩ ሲመጡም አንድ ኪሎ በሶ፣ አንድ አካፋና አንድ ፊሽካ ይዘው መጡ። በሶው ተሳቀበት። አካፋውም ተሳቀበት። ሁለቱም ሥራ ላይ ውለዋል።

ሚኒባሱ ከነሹፌሩ የተከራዩት አባዱላ ነው። ፖርቶ መጋላው ላይ ሁለቱ ፍራሾች ታስረው ሲያይ ሰበታ ላይ አንድ ጎረምሳ «ቤት ለቃችሁ ነው?» አላቸው። ሹፌሩ የሄዱበትን ዓላማ ያወቀው አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ነው። «አድራችሁ?» አለ። «ድንኳን ውስጥ?» ከዚያ ብዙም አልተናገረ። ቦታው ሲደርሱ መኪናውን አዙሮ አፍንጫውን ወደ አዲስ አበባ አድርጎ አቆመ፤ መስኮቶቹን ዘጋ፤ እኔ እዚሁ ነኝ አለ።

በሩ ላይ የመግቢያና የማደሪያ ተከፈለ። እማማ ልጃቸው ገንዘብ ሲቆጥር አዩና ለብቻው ጠሩት።

«መሬት ላይ ለመተኛት ነው የምትከፍለው?»

«ለደኑ ጥበቃ ነው እማዬ።»

«እኔስ ስንት ዓመት በነጻ ተኝቻለሁ!»

ደኑ ከ2,200 ሜትር ከፍታ ግድም ተነሥቶ እስከ ወጨጫ ጫፍ፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ታች ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ነው፤ ከፍ ሲሉ ኮሶ ይመጣል፤ ጫፉ ላይ አስታና ጅብራ። ይህ በካርታ ሲታይ ነው። በእግር ሲታይ፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ሁሉም ነገር ሁሉም ነገር ላይ ወጥቷል። ሐረጉ ቁጥቋጦውን፣ ቁጥቋጦው መንገዱን ይዞታል። አምና መንገድ የነበረው ዘንድሮ ግምት ነው።

ድንኳን ተከላው ጨዋታ ነበር። ስድስት ሰው ይይዛል የተባለችው ድንኳን ስድስት ሰው የቆጠረችው ያለ ጋቢ፣ ያለ ፍራሽና ያለ ፌስታል ነው። ሁለቱ ፍራሾች ሲገቡ ሰው የሚገባበት ቀዳዳ ጠፋ። አንዱ ወጣ። ጋሼ በዚህ መሃል በአካፋቸው ጠፍተው ቆይተው፣ ከውሃ መውረጃው ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ወደ ሰፈር በማይመጣበት በኩል ጉድጓድ ቆፍረው፣ በቅጠል ጋርደው ተመለሱ። «በዘመቻ ጊዜ መጀመሪያ የሚቆፈረው እሱ ነው» አሉ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በጋሼ የሚያሾፍ አልነበረም።

እሳቱ ግን እንቢ አለ። እርጥብ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው፤ የወደቀ ጭራሮ ደግሞ የክረምቱን ውሃ ገና አልጨረሰም። ድንች የተጣደበት ድስት ሲንፈቀፈቅ ቆየ፤ ድንቹ ግን አልበስል አለ። አባትየው ይህን የሚያብራራ ሳይንስ ነበረው፦ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን ገና በ92 ገደማ ይፈላል፣ ስለዚህ ድንች ይዘገያል። እውነት ነው። ሚስቱ አዳመጠችውና፣ «አየር ጤናስ ስንት ሜትር ነው?» አለችው። አዲስ አበባም 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው፤ ቤታቸውም ውሃው የሚፈላው በዚያው ዲግሪ ነው፤ ድንቹ ግን ይበስላል። ሳይንሱ ትክክል ሆኖ ጥፋቱ የጭራሮው ነበር። ከሰል ምድጃው ወጣ፤ ድንቹም በሰለ። ቄጠማው በለመለመው ሣር ላይ ተጎዘጎዘ፣ ቡናው ተቆላ፣ እጣኑ ጨሰ። ሳሎናቸው በሙሉ ጫካ ወርዶ እንደገና ተዘረጋ ማለት ይቻላል፤ የጎደለው ቴሌቪዥኑ ነው። ትልቋ ልጅ ለዚህ ጉድለት ምስክር ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኳን ወደ ሰማይ ይዛ ሜዳውን ስትዞር አንድ መነኩሴ ቢያያት ጸሎት ላይ ናት ብሎ ያልፋት ነበር።

ከምሳ በኋላ መንገድ ተጀመረ። መሪያቸው የደኑ ጥበቃ ሠራተኛ የሆነ፣ እዚያው አካባቢ ያደገ ወጣት ነው። እጁ ላይ ዱላ፣ እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ። የእነርሱ ስኒከር ባዳለጠበት ሁሉ ኮንጎው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

መጀመሪያ ያስቆማቸው ቀጋ ነው። የአበሻ ጽጌረዳ ማለት ነው፤ አበባው ነጭ፣ ፍሬው የሚበላ፣ እሾኹ ወደ ኋላ የታጠፈ። ወደፊት ሲሄዱ ምንም አይልም፤ ልመለስ ያለ ሰው ግን እጀጌውን ትቶ ነው። ቀጥሎ ሳማ። የሰባት ዓመቱ ማሙሽ ሱሪውን እስከ ጉልበት ሰብስቦ ስለነበር ማን እንደመጣበት ሳያውቅ ጮኸ። በኢትዮጵያ የሚበቅለው የደጋ ሳማ በሌላ አገር የማይገኝ የራሳችን ዝርያ ነው፤ አባትየው ይህን ለማሙሽ ሲነግረው ልጁ በአገሩ ሀብት አልኮራም። እማማ ምራቃቸውን እንትፍ ብለው አሹለትና፣ በክፉ ዘመን ሳማ ተቀቅሎ እንደሚበላ ነገሩት። እንዲያውም ጣፋጭ ነው አሉ። ማሙሽ ያን ጊዜ ነው ማልቀሱን አቁሞ በጥላቻ ያየው።

እማማ ዕፅዋትን የሚያውቁት በበደላቸው ወይም በአገልግሎታቸው ነው። ይኼ ይቧጭራል፤ ይኼ ያሳክካል፤ ይኼኛው ወይራ ነው፣ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል። ኮሶው ጋ ሲደርሱ ፊታቸው ተጨማደደ፤ በልጅነታቸው ጠጥተውታል፣ ከዚያ በላይ ማውራት አልፈለጉም። አንድ ዛፍ ላይ የተጠመጠመ እንዶድ ሲያዩ ግን ቆሙ። «ሳሙና ሳይመጣ ይኼ ነበር ሳሙናችን። እጄ እስኪላጥ አጥቤበታለሁ።»

ጋሼ እዚህ ላይ ገቡ። ጋሼ እንዶድን የሚያውቁት በዶክተር አክሊሉ ለማ በኩል ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን ወደ ሰው የሚያደርሰው ትል የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና፣ ልብስ የሚያነጣው ፍሬ በሽታም ሊያቆም ይችላል ብለው ምርምሩን ያዙ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙበት። ጋሼ ይህን ሲተርኩ ትልቋ ልጅ እንኳ ስልኳን ኪሷ ከተተች። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙና አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «አጣቢዎቹስ? ምን ተሰጣቸው?» ጋሼ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

ትልልቆቹ ጽዶች ጋ ሲደርሱ ሁሉም ዝም አለ ማለት ያስፈልግ ይሆናል፤ ዝም ግን አላሉም። ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው ያወሩት። ጽድ እስከ 40 ሜትር ሊያድግ የሚችል ዛፍ ነው፤ ምስጥ አይደፍረውም፤ አጥርም፣ የቤት ምሰሶም፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያም ሆኖ ያለቀው ለዚህ ነው። አዲስ አበባን የተከላት ትውልድ ዙሪያውን ያለውን ጽድና ወይራ ፈጅቶ ማገዶ ሲያጣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዛፍ ከውጭ መጣ፤ ዛሬ ከተሜው ደን ሲባል የሚመጣበት ያ ቀጥ ያለ፣ ሥሩ ሣር የማያበቅል ዛፍ ነው። ማሙሽም «ለምንድነው የማይሸተው?» ብሎ ጠየቀ። ጫካ ማለት ጉንፋን ሲይዘው የሚታጠነው ሽታ ነበር የሚመስለው።

ዛፉ በክንድ ይለካ ተባለ። ሁሉም ደረታቸውን ቅርፊቱ ላይ ለጥፈው እጅ ለእጅ ሲያያዙ እማማና ጋሼ ጎን ለጎን ወደቁ፤ ሠርግ ላይ ከተዋወቁ ጀምሮ የተቀያየሙ ሰዎች ናቸው፣ ምክንያቱንም ማንም አያስታውስም። ተያያዙ። ፎቶውን ያነሣው ጥበቃው ነው።

ከዚያ ጋሼ መንገድ አሳጠሩ።

ፀሐይዋን አዩ፤ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ የመጡበት መንገድ ጠመዝማዛ እንደሆነና በቀኝ በኩል ቀጥታ ቢወርዱ ሰፈሩ ላይ እንደሚያርፉ አስታወቁ። በዘመቻ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚሄዱት። ፊሽካቸውን ነፉ፤ ገቡ። ቁጥቋጦው መጀመሪያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ደረት፣ ቀጥሎ ከራስ በላይ ሆነ። ሐረግ የእማማን ነጠላ ወሰደና ለማስለቀቅ ሁለት ሰው ፈለገ። አንድ ገደል ቢጤ ወረዱ፤ ከዚያ ወጡ፤ ደግሞ አንድ ወረዱ፤ ትልቋ ልጅ ያው የመጀመሪያው ነው አለች። ጥበቃው ከኋላ ሆኖ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ማሙሽን እያቀፈ እያሻገረ ጸጥ ብሎ ይከተላል። ፀሐይ ወደ ተራራው ልትገባ ስትል አባትየው ዞር ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ትክክል እየሄድን ነው?» አለው።

«አይደለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

ወጣቱ ጋሼን በዓይኑ አመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባት እየመሩ እኔ ምን ብዬ ልናገር?»

በዓለም ላይ ሰው ጫካ ውስጥ የሚጠፋው ካርታ ስለሌለው ነው፣ ወይ ጉም ስለወረደ ነው። በይሉኝታ የሚጠፋው ሐበሻ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አባትየው ጋሼን ላለማሳፈር ሌላ ዘዴ ፈለገ፤ ልጁ ሽንቱ መጥቷል፣ በዚህ በኩል ወጣ እንበል አለ። ጥበቃው ገባውና ቀደመ፤ ከመቶ እርምጃ በኋላ መንገዱ ላይ ነበሩ። ጋሼ ሰፈሩን ሲያዩ፣ «አላልኳችሁም?» አሉ።

ሹፌሩ ከመኪናው ወርዶ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ ፈጧል። እነርሱ በፊሽካ፣ በጩኸትና በክርክር ጫካውን ሲያካልሉ አንድም እንስሳ አላዩም። ሹፌሩ ግን ሬዲዮውን ዘግቶ ወንበሩን አጋድሞ እንደተኛ፣ ሁለት የምኒልክ ድኩላዎች ቄጠማው የተጎዘጎዘበት ድረስ መጥተዋል። በንጉሡ ስም የተሰየመው ይህ ድኩላ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ ወንዱ ወደ ጥቁርነት ያደላ ነው፤ ለማየት ከባሕር ማዶ የሚመጡለት ሰዎች አሉ። ሹፌሩ በስልኩ አንስቶታል። ምስሉ ላይ የሚታየው በግማሹ የመኪናው መስታወት፣ በግማሹ የሹፌሩ ጣት ነው፤ ከጥግ ላይ ግን አንድ ጆሮ አለ። አባትየው ጆሮውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

ሌሊቱ የጥቅምት ሌሊት ነው። ደመና ስለሌለ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚይዝላት ነገር የለም፤ ኮከቡ በደመቀ ቁጥር ብርዱ ይብሳል። ጎድኑ ተጠብሶ ተበላ። ጥበቃው አጥንቱን ሰፈር ውስጥ እንዳትተዉት ብሎ ነበር፤ እናትየው በፌስታል ቋጥራ ድንኳኗ ጀርባ አኖረችው፤ ጠዋት ልትጥለው። የቤት ልማድ ነው። አያ ጅቦ ደግሞ አጥንት የሚቆረጥምና የሚፈጭ ሆድ ያለው ፍጥረት ነው፤ ኩሱ ነጭ የሚሆነው ከአጥንቱ ብዛት ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ከሩቅ አንዴ ጮኸ። ቆይቶ ቀረብ ብሎ። ቆይቶ መጮኹን ተወ፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ጋሼ ፊሽካቸውን ነፉ፤ በዚያ ጠባብ ድንኳን ውስጥ ፊሽካ ምን እንደሚያደርግ የተኙበት ያውቃሉ። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ሆኖ ክላክሱን አስጮኸ። ጅቡ ፌስታሉን ይዞ ሄደ። ማሙሽ ብቻ ነው ያልነቃው።

ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ሌላ መጣ። ከበላያቸው፣ ከዛፎቹ መካከል፣ ጥልቅና የሚንከባለል ማግሣት። አንዱ ሲጀምር ከማዶ ሌላው ይመልሳል፤ ከዚያ ሌላው። እማማ መቁጠሪያቸውን ጨበጡ። «ነብር» አሉ። «አውቀዋለሁ። በአገሬ ሰምቼዋለሁ። ሦስት ናቸው።» ማንም ከድንኳን አልወጣም። ጋሼም ፊሽካውን አልነፉም።

ከብርሃን ጋር ጥበቃው ዳቦና ሻይ ይዞ ሲመጣ ስድስቱም ባንድ ፍራሽ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ነገሩን ሲሰማ ለትሕትናው ሲል ለመሳቅ ዘገየ፤ ከዚያ ግን አልቻለም። በዱላው ወደ ላይ አመለከተ። ጽዱ ጫፍ ላይ፣ ነጭ ካባውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ረጅም ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ ጉሬዛ ተቀምጦ ቅጠል ይበላል። አውራ ጣት የሌለው፣ ከዛፍ ብዙም የማይወርድ፣ ማንንም የማይነካ ጦጣ መሰል ፍጥረት ነው። ወንዱ ንጋት ላይ እንዲህ የሚያገሣው ለጎረቤቶቹ ይህ ዛፍ የኔ ነው ለማለት ነው፤ ድምፁ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በዱሮ ዘመን ቆዳውን ጀግና ይለብሰው ነበር።

«ይኼ ነው የጮኸው?» አሉ እማማ።

«አዎ እናቴ። ጉሬዛ ነው።»

እማማ ጉሬዛውን ከላይ እስከ ታች አዩት። መልስ አልሰጡም።

ቁርስ የጋሼ በሶ ነበር። ኢንዶሚውን ጅቡ ከአጥንቱ ጋር ወስዶታል። በሶው በውሃ ተበጠበጠ፣ በርበሬና ጨው ገባበት፣ ልጆቹ ደገሙ። ዕቃው ሲጫን ከመጣው በዝቶ ታየ፤ ትልቋ ልጅ አንድ የጽድ ቅርንጫፍ ለክፍሏ ልትወስድ ብላ ክልክል ነው ተባለች፣ ማሙሽ አንድ ኪስ ሙሉ ድንጋይ አሳለፈ፣ ቄጠማውን ግን ማንም መልሶ አልጫነም። አባትየው በሚቀጥለው ስለ ሐረና ጫካ ማውራት ጀመረ፤ ባሌ ውስጥ፣ ቡና በራሱ የሚበቅልበት፣ አንበሳ ያለበት። ሹፌሩ ለዚያ ሌላ መኪና እንዲፈልጉ በትሕትና ነገረው።

ወደ ሰበታ ሲቃረቡ ኔትወርክ መጣ። ስልኮቹ ባንድነት ጮኹ። የእድሩ ጸሐፊ አምስት ጊዜ ደውለዋል። ከሁሉም ቀድሞ የተነሣው ግን የእማማ ስልክ ነው፤ የማኅበራቸው ሴቶች ማደራቸውን ሰምተው በጭንቀት ላይ ነበሩ። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አደረጉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ነብር ነው እንጂ ሌላ ምን!» አሉ። «ሦስት ሆነው። በራችን ላይ ነው ያደሩት።»